የጠፈር ኩባንያ አክሲዮን ከመግዛት በፊት፦ የትኛው ሥራ ገቢ ያስገኛል?

የጠፈር ኩባንያ አክሲዮን ለመግዛት የሚያስብ ሰው በቅድሚያ ሊያጣራ የሚገባው፣ ለኩባንያው ማን እንደሚከፍል እና ያው ደንበኛ በሚቀጥለው ወርም ተመልሶ የሚከፍል መሆኑን ነው። ሮኬት የሚያመጥቅ፣ በሳተላይት የኢንተርኔት አገልግሎት የሚሸጥ፣ የምድርን ምስል የሚያቀርብ፣ መንገደኛ የሚያጓጉዝ እና ከአስትሮይድ (በፀሐይ ዙሪያ ከሚዞር ዓለታማ አካል) ማዕድን ለማውጣት ያቀደ ኩባንያ በገበያው ጎን ለጎን ቢሰለፉም፣ የገቢያቸው ምንጭም የሚከስሩበት ምክንያትም የተለያየ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው የዘመን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የብዙ ገዢዎች ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው በሮኬት ላይ ነው። ይሁን እንጂ ማምጠቅ ብቻውን ከባድ ንግድ ነው፤ ደንበኛው ጥቂት፣ ወጪው ግዙፍ፣ አንድ ብልሽት የሚያስከትለው መዘግየትም የወራት ነው። በ2002 የተመሠረተው ስፔስኤክስ የመጀመሪያ ሮኬቱ ሦስት ጊዜ ከከሸፈ በኋላ በ2008 ምህዋር ላይ ደረሰ፤ በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ናሳ ለ12 የጭነት በረራዎች 1.6 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ ውል ባይሰጠው ኖሮ የኩባንያው ዕጣ አጠራጣሪ ነበር። ከዚያ በኋላ ኩባንያው የሮኬቱን የታችኛውን ክፍል በ2015 መልሶ ማሳረፍ፣ በ2017 ደግሞ ያንኑ ክፍል እንደገና ማብረር ችሏል። ለገዢ ትልቅ ትርጉም ያለው ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። ለደንበኞች የሚጠየቀው ይፋዊ ዋጋ በ60 እና በ70 ሚሊዮን ዶላር መካከል ቆየ እንጂ ብዙም አልቀነሰም፤ በቁጠባው ዋነኛ ተጠቃሚ የሆነው ኩባንያው ራሱ ሲሆን፣ በቅርብ ዓመታት ካደረጋቸው በረራዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የራሱን የኢንተርኔት ሳተላይቶች የጫኑ ናቸው። ትንሽ ሮኬት የሚሠራው ሮኬት ላብም ከግማሽ በላይ ገቢውን የሚያገኘው የመንኮራኩር ክፍሎችን እና ሳተላይቶችን ሠርቶ በመሸጥ ነው። ከአውሮፕላን ክንፍ ሥር ሮኬት ያስወነጭፍ የነበረው ቨርጂን ኦርቢት ግን እንዲህ ያለ ሌላ የገቢ ምንጭ ስላልነበረው፣ በ2023 መጀመሪያ ላይ አንድ ማምጠቅ ከከሸፈበት ከወራት በኋላ ለኪሳራ ፍርድ ቤት አመለከተ።

የመገናኛ አገልግሎት በእኔ ግምት ከሁሉም የጠነከረው መስመር ነው፤ ሆኖም በውስጡ ሁለት በጣም የተለያዩ ንግዶች አሉ። ከምድር 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የሚቀመጥ ሳተላይት ከምድር ገጽ ሲሶ ያህሉን ይሸፍናል፣ 15 ዓመት ገደማ ያገለግላል፣ የስርጭት አቅሙንም የቴሌቪዥን ድርጅቶች በረጅም ጊዜ ውል ይከራዩታል። ይህ ለአሥርት ዓመታት አስተማማኝ ገቢ ነበር፤ ተመልካቹ ወደ ኢንተርኔት እየተሻገረ በመጣ ጊዜ ግን ገቢው ሳሳ፣ ከዘርፉ አንጋፋዎች አንዱ የሆነው ኢንቴልሳትም በ2020 ከነከባድ ዕዳው የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። በ550 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዞሩት ትንንሽ ሳተላይቶች በበኩላቸው ምልክት ሳይዘገይ ያደርሳሉ፣ ገቢያቸውም በየወሩ ከሚከፍሉ ደንበኞች ይሰበሰባል። ነገር ግን ዕድሜያቸው አምስት ዓመት ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በሺህ የሚቆጠረው ስብስብ በየጊዜው በአዲስ መተካት አለበት። የደንበኛ ቁጥር መጨመሩን ብቻ አይቶ፣ ለመተኪያ የሚወጣውን ገንዘብ ከገቢው ሳይቀንስ አክሲዮን የሚገዛ ሰው ትርፉን በእጅጉ አጋንኖ ያየዋል።

የሚገዛበት ዋጋ ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ ለማሳየት የኢሪዲየምን ታሪክ ያህል ግልጽ ማስረጃ አላውቅም። በሞቶሮላ የተደገፈው ይህ ኩባንያ 5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አፍስሶ 66 ሳተላይቶች ያሉት የስልክ መረብ ዘረጋ፤ በኖቬምበር 1998 አገልግሎት ጀምሮ በኦገስት 1999 ከሰረ። ሳተላይቶቹ በሚገባ ይሠሩ ነበር። ችግሩ የስልክ ቀፎው ግዙፍና ውድ መሆኑ፣ ቤት ውስጥ አለመሥራቱ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መረቡ እስኪዘረጋ ድረስ ተራው የሞባይል ስልክ በየከተማው መስፋፋቱ ነው። ይህንኑ መረብ ሌሎች ባለሀብቶች በ25 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዙት፤ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ደንበኛ ሆነላቸው፣ መርከቦችና አውሮፕላኖችም ተከተሉ፤ ኩባንያው በ2019 መጀመሪያ ላይ ሳተላይቶቹን በሙሉ በአዲስ ተክቶ ጨረሰ፣ በ2023 ደግሞ ለባለአክሲዮኖቹ የትርፍ ድርሻ መክፈል ጀመረ። ያው መረብ የመጀመሪያዎቹን ባለሀብቶች አክስሮ ሁለተኛዎቹን ያተረፈው የተገዛበት ዋጋ በመለያየቱ ነው።

የምድር ምስል ንግድ አንድ መልካም ጠባይ አለው፤ አንድ ጊዜ የተነሳ ምስል ለብዙ ደንበኞች ሊሸጥ ይችላል። ፕላኔት የተባለው ኩባንያ በፌብሩዋሪ 2017 በአንድ የህንድ ሮኬት 88 ትንንሽ ሳተላይቶችን አምጥቆ የምድርን የብስ በየዕለቱ ማንሳት ችሏል። የግብርና እና የኢንሹራንስ ድርጅቶች በደንበኝነት ይጠቀሳሉ፤ ዋናው ገዢ ግን በአብዛኛው የመንግሥት የመከላከያና የስለላ ተቋም በመሆኑ፣ የአንድ አገር በጀት ሲቀየር የኩባንያው ገቢም አብሮ ይናወጣል።

የጠፈር ጉብኝትን በተመለከተ፣ ዴኒስ ቲቶ በ2001 ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ለመጓዝ 20 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደከፈለ ይነገራል፤ ፈላጊ እንዳለ ይህ ያሳያል። ይሁን እንጂ በ2004 የተመሠረተው ቨርጂን ጋላክቲክ የመጀመሪያውን የንግድ በረራ ያደረገው በ2023 ነው፤ በዓመቱም አዲስ መንኮራኩር እስኪሠራ በረራውን አቆመ። ከከፈለ በኋላ ተመልሶ የማይመጣ ደንበኛ እና ጥቂት መቀመጫ ያለው መንኮራኩር ይህን ያህል ዓመት ወጪ ሊሸከሙ እንደሚችሉ እስካሁን አልታየም። የአስትሮይድ ማዕድንን ደግሞ እንደ አክሲዮን አማራጭ አልቆጥረውም። ናሳ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ በወጣበት ጉዞ በ2023 ቤኑ ከተባለው አስትሮይድ ያመጣው ናሙና 121.6 ግራም ነበር፤ በዘርፉ ስመ ጥር የነበሩት ሁለት ኩባንያዎችም በ2018 እና በ2019 መጀመሪያ ላይ ለሌሎች ተሸጠዋል።

ብዙም የማይወራለት፣ ግን ዋጋው በቀላሉ የሚሰላ አንድ ሥራ ሳተላይትን በምህዋር ላይ እንዳለ ማገልገል ነው። በ2020 ኖርዝሮፕ ግሩማን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ መንኮራኩር ነዳጁ ሊያልቅ ከተቃረበ የኢንቴልሳት ሳተላይት ጋር ተጣብቆ ለአምስት ዓመት ዕድሜውን አራዝሞለታል። ደንበኛው አዲስ ሳተላይት ቢገዛ የሚያወጣውን ያውቃል፤ ስለዚህ የአገልግሎቱን ጥቅም በቁጥር ማነጻጸር ይችላል።

የተረጋጋ ገቢ የሚሻ ሰው ዕዳው የቀለለ የመገናኛ ኩባንያን፣ ለዓመታት መታገሥ የሚችል ደግሞ ከሮኬት ሌላ የሚሸጠው ነገር ያለውን አምጣቂ ቢመርጥ ይሻላል። በሁለቱም ምርጫ፣ የተፈረመ ውልን ከትንበያ መለየት ያስፈልጋል። በ2021 በጁላይ እና በኦገስት፣ አስትራ የተባለው ሮኬት ሠሪ እና ሮኬት ላብ እያንዳንዳቸው የራሱ ሥራ ከሌለው፣ በገበያው ቀድሞ ከተመዘገበ ባዶ ኩባንያ ጋር በመዋሃድ፣ በጥቂት ሳምንታት ልዩነት ወደ አሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ገቡ። በዚያን ጊዜ ሮኬት ላብ ከ100 በላይ ሳተላይቶችን ምህዋር ላይ አድርሶ ነበር፤ አስትራ አንድም አላደረሰም። አስትራ በ2024 እያንዳንዱ አክሲዮን በ50 ሳንቲም ሒሳብ ተገዝቶ ከገበያ ወጣ፤ ሮኬት ላብ ግን ማምጠቁን ቀጠለ።