ገናን በላሊበላ ከነቤተሰብ ማክበር፦ የመስተንግዶው ግምገማ

ልጆችንና አረጋዊ ወላጅን ይዘው የገናን በዓል በላሊበላ ለማሳለፍ የሚያስቡ ቤተሰቦች አስቀድመው ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። በዚያ ሰሞን በከተማዋ ሁለት ዓይነት መስተንግዶ ጎን ለጎን ይካሄዳል፤ አንደኛው በገንዘብ የሚገኘው የሆቴል፣ የመኪናና የአስጎብኚ አገልግሎት ሲሆን፣ ሌላው የአገሬው ሕዝብ ለመጣው ምእመን ሁሉ ያለ ክፍያ የሚያቀርበው ነው። በእኛ ቤተሰብ ሚዛን ሁለተኛው ከመጀመሪያው እጅግ ልቆ ተገኝቷል፤ በዚህ ግምገማ ሰፋ ያለውን ቦታ የሚይዘውም እርሱ ነው።

በገንዘብ ስለሚገኘው በአጭሩ ልናገር። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል የሚወስደው በረራ እናቴን ከረጅሙ የመኪና መንገድ አድኗታል፤ ከአየር ማረፊያው እስከ ከተማው ያለው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድም ተራራማ ቢሆንም አይከብድም። የሆቴሉ ነገር ግን ቅር አሰኝቶናል። በስልክ የተስማማንበት ዋጋ እዚያ ስንደርስ «የበዓል ሰሞን ነው» በሚል ምክንያት ከፍ ብሎ ጠበቀን፤ ሙቅ ውኃ የሚመጣውም በተወሰነ ሰዓት ብቻ ነበር። ስሙን ባልጠቅስም፣ የተስማሙበትን ዋጋ በጽሑፍ ሳያስይዙ መሄድ እንደማይበጅ አሳስባለሁ። የቀኑንም ነገር ማጣራት ያስፈልጋል፤ ጳጉሜን 6 ቀን የሆነችበትን ዓመት ተከትሎ በሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ በዓሉ የሚውለው ታኅሣሥ 29 ሳይሆን ታኅሣሥ 28 ስለሆነ፣ ይህን ሳያስተውል ትኬት የቆረጠ ሰው ዋዜማው ሊያመልጠው ይችላል።

አስጎብኚያችን የከተማው ተወላጅ ነበር፤ በእውቀቱም በትዕግሥቱም የተከፈለው ሁሉ የሚገባው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡትን 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በአንድ ቀን ለማዳረስ አልሞከረም፤ የልጆቹን ድካም እያየ በሁለት ከፍሎ አሳየን። ከቤተ መድኃኔ ዓለም ግዝፈትና ከቤተ ጊዮርጊስ የመስቀል ቅርጽ ይልቅ ልጆቼን የማረካቸው ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ወገን ያለው ጨለማ ዋሻ ነበር። የሲኦል ምሳሌ ነው ተብሎ የሚነገርለትን ይህን መተላለፊያ ያለ መብራት፣ ግድግዳውን በእጅ እየዳሰሱ ማለፍ ልማድ ነው፤ ትንሿ ልጄ ወደ ብርሃኑ እንደወጣች ተመልሳ ለመግባት መለመኗ አስጎብኚውንም አስቆታል። አንዳንዶቹን አብያተ ክርስቲያናት ከዝናብ ለመከላከል ከላይ የተዘረጋው የብረት ጥላ ግን ለዓይን አይመችም፤ አስፈላጊነቱን ብረዳም፣ ከዚህ የተሻለ መላ አልተገኘም ወይ ያሰኛል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ከዋዜማው ቀናት አስቀድሞ ከላስታ፣ ከዋግ፣ ከራያ፣ ከጎንደርና ከሌሎችም አካባቢዎች የሚመጣው ምእመን ከተማዋን ይሞላታል፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ ስንቃቸውን በጀርባቸው አዝለው ለቀናት በእግር የተጓዙ ናቸው። የከተማው ወጣቶች በመግቢያው መንገድ ላይ ሳፋና ውኃ ይዘው ይጠብቁና የእንግዶቹን እግር ጎንበስ ብለው ያጥባሉ፤ ሌሎች ዳቦና ቆሎ ያድላሉ፤ የመጠጥ ውኃም ያቀርባሉ። ሥራው ዝርክርክ አይደለም፤ ውኃ የሚቀዳው፣ የሚያጥበውና የሚያደርቀው ተለይቷል፤ አረጋውያንና ሕፃናት የያዙ እናቶችም ቅድሚያ ያገኛሉ። በአውሮፕላን መጥተን፣ ጫማችን አቧራ እንኳ ሳይነካው፣ እናቴን «እማማ፣ ይቀመጡ» ብለው እግሯን ሊያጥቡ ሲነሡ እርሷ «እኔማ በእግሬ አልመጣሁም፤ ይልቅ ለደከሙት አድርጉላቸው» ብላ ብትከላከልም አልሰሟትም። ከታጠበች በኋላ ምርቃቷ ረጅም ነበር፤ ወጣቶቹም ሥራቸውን አቁመው ምርቃቱን እስክትጨርስ «አሜን» እያሉ መቆማቸውን ከመስተንግዶው እንደ አንዱ እቆጥረዋለሁ።

ልብ ሊባል የሚገባው፣ ይህን የሚያደርገው ሕዝብ ሀብት የተረፈው ሕዝብ አለመሆኑ ነው። የከተማዋ ኑሮ የተመሠረተው በጎብኚ ላይ ነው፤ የኮሮና ወረርሽኝ ጎብኚውን አስቀረ፣ ከ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የደረሰባት ጦርነትም ብዙ ነገር አሳጣት፤ ከዚያ በኋላም የሰላሙ ሁኔታ ሙሉ በሙሉ አልተረጋጋም። ስለዚህ ወደዚያ የሚሄድ ቤተሰብ ተቀባይ ብቻ ሆኖ መመለሱ የሚያሳፍር ይመስለኛል። እኛ ከአዲስ አበባ ጧፍ፣ ዕጣንና ለልጆች የሚሆኑ ልብሶች ይዘን ሄደን ነበር፤ ጧፉና ዕጣኑ በአግባቡ ለቤተ ክርስቲያን ገቡ። ልብሱን ግን በመንገድ ላይ ማደል ስንጀምር ግፊያ ተፈጠረና አስጎብኚው አስቆመን፤ ቀሪውንም አቅመ ደካሞችን ለይተው ለሚያውቁ የሰበካው ሰዎች አስረከብን። ገንዘብም ቢሆን በየደጁ ለሚከተሉ ሕፃናት ከመበተን ይልቅ በዚሁ መንገድ መስጠት ይሻላል። ልጆቼን በተመለከተ ከሁሉም የጠቀማቸው ዳቦ ማደሉን መቀላቀላቸው ነው። ወጣቶቹ ማንንም አይከለክሉም፤ የስድስት ዓመት ልጅ ቢሆን እንኳ መሶብ የሚይዝበት ቦታ ይገኝለታል። ስጦታ መቀበል ብቻ የለመዱ የከተማ ልጆች በሁለት እጃቸው ዳቦ ሲያቀርቡና ሲመረቁ ማየት ለወላጅ ደስ ያሰኛል።

የበዓሉ ፍጻሜ በቤተ ማርያም የሚከናወነው የቤዛ ኩሉ ዝማሬ ነው። ከቅዳሴው በኋላ ጠዋት፣ ማሜ ጋራ በሚባለው ዙሪያ ገብ ቋጥኝ ላይ የተደረደሩት ካህናት በመላእክት፣ ከታች በግቢው የቆሙት ደግሞ በእረኞች ተመስለው፣ በከበሮና በጸናጽል እየተቀባበሉ ይዘምራሉ። ዝማሬውን በቴሌቪዥን ማየት የለመደ ሰው ድምፁ ከዓለቱ ጋር ተጋጭቶ እንዴት እንደሚመለስ ሊገምት አይችልም። ይሁንና ለቤተሰብ የሚያሰጋው ይኸው ሰዓት ነው። ስፍራው ጠባብ፣ ሕዝቡ እጅግ ብዙ፣ የቋጥኙ ጠርዝም መከላከያ የሌለው ስለሆነ፣ ሕፃናትን ይዞ ወደ ጠርዙ መጠጋት ፈጽሞ አይመከርም። እኛ ሌሊቱን በቅዳሴ የቆመችውን እናቴን ከባለቤቴ ጋር ወደ ኋላ አስቀምጠን፣ ልጆቹን በየተራ በትከሻ አሳየናቸው።

የመጸዳጃ ቤት እጥረት፣ የሌሊቱ ብርድና የስልክ መስመር መጨናነቅ መኖሩን ማወቅ ይገባል፤ ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ጋቢ ሳይዙ መሄድ የማይታሰብ ነው። ጫማ በየደጃፉ ስለሚወለቅ ቶሎ የሚወልቅና የሚጠለቅ ጫማ መልበስ፣ ለጫማ ጠባቂዎቹም ዝርዝር ብር መያዝ ይጠቅማል። ከሁሉ በፊት የመንገዱንና የአካባቢውን ሰላም በቅርብ ከሚያውቅ ሰው መጠየቅ ግድ ነው። ከአምስት ዓመት በታች ልጅ ላለው ሰው በዓሉን ትቶ ጥር ሲጋመስ ቢሄድ እመክራለሁ፤ ለሌላው ግን፣ ሆቴሉን በጥንቃቄ እስከመረጠ ድረስ፣ ያለ ማመንታት ይሂድ እላለሁ። መመለሻውንም ለበዓሉ ዕለት ባያደርገው ይሻላል፤ ምእመኑ ከቤዛ ኩሉ በኋላ ወደየአገሩ ስለሚበተን፣ በማግስቱ አብያተ ክርስቲያናቱን ያለ ግፊያ መሳለም፣ ከአስጎብኚውም ጋር በዝግታ መነጋገር ይቻላል።