ስትሮ፣ ስቶኪንግ፣ ስፖንጅ፣ ፌስታል፦ ከፎቅ ለሚጣል እንቁላል የትኛው ያዋጣል?

እንቁላልን ከፎቅ ጥሎ ሳይሰበር ማውረድ የሚፈተንበት የሳይንስ ክበብ ፉክክር ሲደርስ የሚገዛው ዕቃ ብዙ ነው፤ ግማሹ ግን ክብደት ከመጨመር አያልፍም። ከ6 ሜትር የተለቀቀ እንቁላል መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰከንድ 11 ሜትር ገደማ ነው። ዕቃው የሚመዘነው ይህን ፍጥነት በስንት ሴንቲሜትር ውስጥ ያበርደዋል ተብሎ ነው። 5 ሴንቲሜትር ካገኘ እንቁላሉ ላይ የሚያርፈው ጫና በአማካይ የራሱን ክብደት 120 እጥፍ ይሆናል፤ 1 ሴንቲሜትር ብቻ ካገኘ 600 እጥፍ።

እንቁላሉ መሐሉ ላይ የሚንጠለጠልበትን ጎጆ በክር አያይዞ ለመሥራት ፕላስቲክ ስትሮ አንደኛ ነው። 6 ሚሊ ሜትር ወርድና 20 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው አንዱ ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም። ምቱ ሲበዛበት አይሰነጠቅም፣ ታጥፎ ይቀራል፤ ሲታጠፍም የምቱን ጉልበት ይበላል። አንዴ የታጠፈ ግን አይቃናም፣ ለሚቀጥለው ሙከራ በአዲስ ይተካ። አንገቱ የሚተጣጠፈውን ዓይነት አትግዙ፤ ሁልጊዜ የሚከዳው እዚያው አንገቱ ላይ ነው። የወረቀቱ ከፕላስቲኩ ሁለት ሦስት እጥፍ ይከብዳል፣ እርጥበት ሲነካው ይልማል፣ ጫፉም በክር ሲሳብ ይተረተራል። ፕላስቲኩ ከጠፋ ይሠራል፣ በደረቅ ቀን።

ቅርጹ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ስድስት ስትሮ የሚፈጀው ባለ አራት ፊት ጎጆ ያምራል፣ ይቀላል፣ እንቁላሉን ግን ይሰብራል፦ ከመሐሉ እስከ ፊቱ ያለው ርቀት 4 ሴንቲሜትር ብቻ ነው፤ የእንቁላሉ ግማሽ ወርድ 2 ሴንቲሜትር ስለሚወስድ መወዛወዣ የሚሆነው ቀሪው 2 ብቻ ነው። 12 ስትሮ የሚፈጀው ባለ ስምንት ፊት፣ ማለትም በመሐል አራት ማዕዘን፣ ከላይና ከታች ፒራሚድ ያለው፣ 8 ሴንቲሜትር ይሰጣል። ሌላም ጥቅም አለው፦ በየማዕዘኑ አራት አራት ስትሮ ስለሚገናኝ አንድ ክር ሳይቆረጥ፣ አንዱንም ስትሮ ሁለት ጊዜ ሳያልፍ፣ 12ቱንም ይዞራል። 3 ሜትር ክር ይበቃል፤ አንዱን ጫፍ አስገብታችሁ ከወዲያ በአፍ ብትስቡት ይወጣል። ማዕዘን በደረሳችሁ ቁጥር ቋጥሩ።

የወረቀት ፕላስተር ለመጋጠሚያ አይመከርም፤ አንድ ሜትሩ 2 ግራም ተኩል ገደማ ስለሆነ የአምስት ስትሮ ክብደት ማለት ነው።

ማንጠልጠያው የናይሎን ስቶኪንግ ይሁን። እንቁላሉን መሐሉ ላይ አስገብታችሁ ግራና ቀኝ አጥብቃችሁ ቋጥሩ፤ ቋጠሮው ግን ከእንቁላሉ ጫፍ በጣት ወርድ ይራቅ። ሁለቱን ጫፎች ከመሐለኛው አራት ማዕዘን ተቃራኒ ማዕዘኖች ጋር እሰሩ፣ ከዚያ ወደ ላይና ወደ ታች ክር ስቡ። እንቁላሉ በጎኑ ይተኛል፤ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት የሚለው የቆየ ምክር አይሠራም። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጡት ጥናት እንቁላል ከ8 ሚሊ ሜትር ከፍታ ሲጣል፣ በቁሙ ከወደቀው ከግማሽ በላይ ሲሰነጠቅ በጎኑ ከወደቀው የተሰነጠቀው ከአሥር አንድ አይሞላም። ጎኑ ትንሽ ስለሚተጣጠፍ ነው።

ከሙከራ በኋላ ስንጥቁ የት እንደሆነ እዩ። ጎኑ ላይ ከሆነ ስቶኪንጉ ላልቶ እንቁላሉ ከስትሮው ጋር ተላትሟል፤ ጫፉ ላይ ከሆነ ቋጠሮው ተጠግቶታል።

ስፖንጅ? ሁለት ሴንቲሜትሩ ተጨምቆ ካለቀ በኋላ እንደ እንጨት ነው። ፈንድሻ ይሻላል፦ ቀላል ነው፣ እየተፈረፈረ ምቱን ይውጣል፣ ዘይትና ስኳር ያልነካው ከሆነ። ክፍተት ከተውለት ግን እንቁላሉ ገፍቶት ወደ ታች ይሰምጣል፤ ለሁለተኛ ውርወራም አይሆንም።

የፌስታል ጃንጥላ ከሁለተኛ ፎቅ ትርፉ ትንሽ ነው፤ ውድቀቱ በሙሉ 1 ሰከንድ ገደማ ስለሆነ ሳይከፈት ይደርሳል። ከአራተኛ ፎቅ ጀምሮ ግን 50 ሴንቲሜትር ወርድ ያለው 90 ግራም ጭነትን በሰከንድ ወደ 3 ሜትር ያወርደዋል። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ከባሕር ወለል አካባቢ ይልቅ በአንድ አሥረኛ ገደማ ይፈጥናል፤ ወርዱን 55 አድርጉት። ስምንት ክር፣ እያንዳንዱ ከፌስታሉ ወርድ ያላነሰ፣ መሐሉ ላይም እንዳይወዛወዝ 3 ሴንቲሜትር ቀዳዳ።