ቴኮንሻ ፕሮዲጂ ፒ3 የተሳቢ ፍሬን ኮንትሮለር፣ ልመልሰው ነበር

ዴንቨር ነው ያለሁት፣ ከጨረታ የምገዛቸውን መኪኖች ባለ ሁለት አክስል ተሳቢ ላይ ጭኜ በፒክአፔ ነው የማመጣቸው። የድሮው ኮንትሮለሬ (ፒክአፑ ውስጥ ሆኖ ለተሳቢው ፍሬን ኤሌክትሪክ የሚልከው ዕቃ) ሲሞት ይሄን ገዛሁ፣ ለመኪናችሁ የሚሆነውን ሶኬት አብራችሁ ከገዛችሁ ሽቦ መቁረጥ ምናምን የለም ሰክታችሁ መሄድ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ግን ጉድ ሆንኩ። አይ-70 ላይ ከአይዘንሃወር ተነል ወደ ሲልቨርቶርን ስወርድ (ቁልቁለቱ 7 ፐርሰንት ነው፣ የወረደው ያውቀዋል) ፍሬን ስይዝ ስክሪኑ ቮልቱን 9 10 እያለ ያሳየኛል ተሳቢው ግን የሰማም አይመስል ከኋላ ይገፋኛል። በማርሽ እየያዝኩ እንደምንም ወረድኩና ቤት ስገባ መጀመሪያ የፈለግኩት ካርቶኑን ነው።

አዲስ አበባ ጋራዥ የሰራ ጓደኛ አለኝ "ቆይ እስቲ መጀመሪያ ማሳውን እንየው" አለኝ፣ ማሳ የሚለው ኤሌክትሪኩ የሚመለስበትን ነጩን ሽቦ ነው። እኔ የኮንትሮለሩን ማንሻ (የተሳቢውን ፍሬን ብቻ በእጅ የምታሲዘዋን) ገፍቼ ይዣለሁ እሱ ከስር ተኝቶ የማግኔቱን (ኤሌክትሪክ ሲደርሰው የተሳቢውን ፍሬን የሚያሲዘው) ሁለት ሽቦዎች ይለካል፣ እኔ ጋ 12 ቮልት ይላል እሱ ጋ 7! ለካ ነጩ ሽቦ ተሳቢው አንገት ላይ የታሰረበት ብሎን ዝጎ አፈር መስሏል። ፈታነው በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገን መልሰን አሰርነው ቁጥሩ ወጣ። ኮንትሮለሩ የሚያሳየው የሚልከውን ነው እንጂ ታች የሚደርሰውን አይደለም፣ በነፃ ነው የሰደብኩት።

የፍሬኑ ሸራም ከታምቡሩ (ከጎማው ጋር ከሚዞረው፣ ሸራው ከሚይዘው ብረት) ርቆ ነበር። ጎማውን በክሪክ አንስታችሁ ከጀርባ ባለችው ቀዳዳ የማጥበቂያዋን ጥርስ በካቻቢቴ እያዞራችሁ ጎማው በእጅ አልዞርም እስኪል አጥብቁ፣ ከዛ ስታዞሩት ትንሽ እሽ እሽ እስኪል ብቻ መልሱት፣ አራቱንም። አንዷ ማግኔት ተበልታ ውስጧ ያለው ጥቅል ሽቦ ይታያል፣ ቀየርናት። አንድ ማግኔት ወደ 3 አምፔር ነው የሚስበው ስለዚህ አራቱ 12 አካባቢ ካልሳቡ አንዱ ላይሰራ ወይም ሽቦው ላይ ችግር ሊኖር ይችላል።

ከዛ መኪና ጭኜ ባዶ ፓርኪንግ ውስጥ በ25 ማይል እየሄድኩ ማንሻዋን ብቻ ገፋሁ፣ ጎማ ሲቆልፍ የኮንትሮለሩን ኃይል ቀነስ፣ እንደገና፣ 7.5 ላይ ተስማማኝ። ባዶውን ስትጎትቱ ቀንሱት አለበለዚያ ጎማ ይላጫል።

አሁን ፍሬኑን ቀስ ስል ቀስ ይላል ጠበቅ ሳደርግ ጠበቅ፣ የፒክአፑን አያያዝ ራሱ እያነበበ ነው የሚሰጠው። የስክሪኑንም ቀለም መቀየር ይቻላል እኔ አረንጓዴ አድርጌዋለሁ። 5 ኮከብ፣ ትናንት በዛው ቁልቁለት ቶዮታ ሃይላንደር ጭኜ ወርጄ ካርቶኑን ጣልኩት።