ከትምህርት በኋላ የት ይውላሉ? ልጆቼ የሚሄዱበት የኳስ ፕሮግራም ከአንድ ዓመት በኋላ

ሁለቱ ልጆቼ ከትምህርት ሰዓት በኋላ የሚሰጥ የእግር ኳስ ፕሮግራም ከጀመሩ ድፍን አንድ ዓመት ሆናቸው። ልጄን ላስመዝግብ ወይስ ይቅር እያለ የሚያመነታ ወላጅ ካለ፣ ያየሁትን ደጉንም ክፉውንም ልንገረው።

እኔን እዚያ የወሰደኝ ኳስ አይደለም። ትምህርት ቤቱ ከተለቀቀ በኋላ እኔ ከሥራ እስክመለስ ሦስት ሰዓት ያህል አለ። እንቅልፍ የነሳኝ ያ ሦስት ሰዓት ነው። ሰው በተጨናነቀበት፣ ቤቱ በጠበበበት፣ ክፍት ቦታ የተባለው ሁሉ ታጥሮ ወይ መኪና ማቆሚያ ሆኖ ባለቀበት ሰፈር ልጅ የምታሳድጉ ታውቁታላችሁ፤ ልጁ ወይ በር ተዘግቶበት ስልክ ላይ ተደፍቶ ይውላል፣ ወይ ከማን ጋር እንደዋለ ሳታውቁ ይመሻል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ መካከለኛ ወይም ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ያስፈልጋቸዋል ይላል። እሺ፣ ግን የት ሄደው?

ፕሮግራሙ በሳምንት ሦስት ቀን ነው። ክፍያ የለውም። ልጆቹ እንደተለቀቁ አሰልጣኙ በሩ ላይ ቆሞ አንድ በአንድ ስማቸውን እየጠራ ይቀበላቸዋል። መጀመሪያ 40 ደቂቃ የቤት ሥራ፣ ከዚያ ኳስ። ትንሹ ልጄ የቤት ሥራ ሲባል ሆዱን የሚያመው ልጅ ነበር። አሁን ኳሱ እንዳያመልጠው ቶሎ ሠርቶ ይጨርሳል።

ሜዳው ሜዳ አይደለም፣ የትምህርት ቤቱ ሲሚንቶ ግቢ ነው። መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር። በኋላ ስመለከት ግን ሥራውን የሚያውቅ ሰው እንደያዘው ገባኝ። ትንንሾቹ አራት ለአራት ነው የሚጫወቱት፣ በረኛ እንኳ የለም። በትልቅ ሜዳ 11 ለ11 ቢሆን ዓይን አፋሩ ልጅ ኳስ ሳይነካ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር፤ እዚህ መደበቂያ ስለሌለ ኳሱ ደጋግሞ እግሩ ሥር ይመጣል። ኳሱም የልጅ ነው። ከ8 ዓመት በታች ላሉት ቁጥር 3፣ እስከ 12 ዓመት ቁጥር 4። ቁጥር 5 የአዋቂ ኳስ ከ410 እስከ 450 ግራም ይመዝናል፤ ያንን ለሰባት ዓመት ልጅ መስጠት ድንጋይ ምታ እንደማለት ነው። በቴስታ መምታት ደግሞ ለትንንሾቹ ክልክል ነው። የአሜሪካ እግር ኳስ ፌዴሬሽን 10 ዓመትና ከዚያ በታች ላሉ ልጆች እ.ኤ.አ. በ2015 ከልክሎታል፤ እንግሊዝና ስኮትላንድም እ.ኤ.አ. በ2020 ለትንንሾቹ ከልምምድ አስወጥተውታል። ልጃችሁን የምትልኩበት ቦታ የስድስት ዓመት ልጅ በግንባሩ ሲያስመቱ ካያችሁ በደንብ ጠይቁ።

አሁን ጫማውን ልንገራችሁ። ትንሹ የመጀመሪያ ቀን የእህቱን አሮጌ ሸራ ጫማ አድርጎ ሄደ፤ ጫፉ ላይ ወረቀት ጠቅጥቄበት ነበር። እኔ አጥሩ ጋ ቆሜ ሆዴ ሲባባ፣ አሰልጣኙ ትልቅ ካርቶን ጎትቶ መጣና መሬት ላይ ዘረገፈው። ሁሉም ልጅ፣ ቤቱ አዲስ ታኬታ ያለውም ጭምር፣ የራሱን ጫማ አውልቆ ከዚያ ውስጥ ልኩን ይፈልጋል፤ ሲያበቃም አራግፎ ይመልሳል። ማን እንዳለው፣ ማን እንደሌለው አይታወቅም። የልጄን እግር ዝቅ ብሎ ያየ የለም። ያን ቀን ነው ልቤ ያረፈው።

ሌላው የወደድኩት ከጨዋታው በኋላ ክብ ሠርተው መቀመጣቸው ነው። ዳኛ የለም። ከመጀመራቸው በፊት ሕጉን ራሳቸው ይስማማሉ፣ ይጫወታሉ፣ ከዚያ ለመልካም ጨዋታ አንዱ ቡድን ለሌላው ነጥብ ይሰጣል። የዚህ አጨዋወት መነሻ የኮሎምቢያዋ ከተማ ሜዴሊን ናት። የኮሎምቢያ ብሔራዊ ቡድን ተከላካይ አንድሬስ ኤስኮባር እ.ኤ.አ. በ1994 የዓለም ዋንጫ በራሱ ጎል ላይ ካስቆጠረ ከቀናት በኋላ እዚያው ከተማው ውስጥ ተገደለ፤ ከዚያ በኋላ ነው የሰፈር ወጣቶችን ሴትና ወንድ ቀላቅሎ በዚህ መልክ ማጫወት የተጀመረው። አንድ ቀን ስደርስ አንድ አሥር ዓመት የማይሞላው ልጅ ክቡ መሃል ተነሳና «ኳሷ እጄን ነክታኝ ነበር፣ ጎሏ አትቆጠር» አለ። የራሱ ቡድን ጮኸበት። ኮች ዝም። ዝምታው ረዘመ። ከዚያ ተጋጣሚዎቹ ሙሉውን ነጥብ ሰጡት። ይህንን ቤት ውስጥ ስንት ዓመት ብመክር አላመጣውም።

ክፉውንም ልንገር ብያለሁ። ሲጀመር ዘጠኝ ሴት ልጆች ነበሩ፣ ዓመቱ ሲጋመስ ሦስት ቀሩ። አዘጋጆቹን ስጠይቅ «ሴቶቹ ፍላጎት የላቸውም» አሉኝ። ተናደድኩ። ትልቋን ልጄን ስጠይቃት ነገሩ ሌላ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ሲለቀቅ ሽንት ቤቱ ይቆለፋል፣ ሲመሽ ደግሞ ብቻቸውን ወደ ቤት መሄድ ይፈራሉ። ሁለት እናቶች ሆነን ሄደን ተጨቃጨቅን። ቁልፉ ለአሰልጣኙ ተሰጠ፣ በአንድ አቅጣጫ የሚሄዱት አንድ ላይ እንዲወጡና አንድ ወላጅ እንዲሸኛቸው ተደረገ። አምስቱ ተመለሱ። ፍላጎት አልነበራቸውም ማለት ነው?

ከሁሉ የከፋው ግን የአሰልጣኙ መሄድ ነው። በዓመቱ አጋማሽ የድጋፍ ገንዘቡ ጊዜ አበቃ ተባለና፣ ስም እየጠራ የሚቀበላቸው ሰው አንድ ሰኞ በሩ ላይ አልነበረም። የነገረን የለም። ትንሹ ልጄ ማታ «እማ፣ እኔ ምን አጥፍቼ ነው?» አለኝ። ማሊያና ኳስ የሚሰጥ አይጠፋም፤ አዳዲስ ማሊያ ለብሰው ፎቶ ተነስተዋል። የሰው ደመወዝ የሚከፍል ነው የጠፋው። ኳስ ሲፈነዳ ሌላ ይገዛል፣ ልጅ አምኖት የከረመ ሰው ግን እንዲህ አይተካም። ናይሮቢ፣ ማታሬ በሚባለው የድሆች ሰፈር ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1987 የተጀመረው የወጣቶች ስፖርት ማኅበር እስካሁን የቆየው እዚያው ሰፈር ተጫውተው ያደጉ ልጆች አሰልጣኝና መሪ እየሆኑበት ይመስለኛል። የኛዎቹም ከትልልቆቹ ልጆች ረዳት ማሰልጠን ጀምረዋል፤ ዘግይተውም ቢሆን ጥሩ ነው።

ዝናብ ሲዘንብ ልምምድ መሰረዙን ሳይነግሩን ይቀሩ ነበር፤ አሁን የቴሌግራም ግሩፕ አለ።

ለመመዝገብ የምታስቡ፣ ስለ ዋንጫ አትጠይቁ። አንድ አሰልጣኝ ስንት ልጅ ይይዛል፣ ከልጅ ጋር ብቻውን የሚሆንበት ጊዜ አለ ወይ፣ ማንነቱን ያጣራው ማነው፣ የሽንት ቤቱ ቁልፍ ማን ጋ ነው፣ ጎበዝ ያልሆነው ልጅ ይጫወታል ወይስ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ይውላል፣ ደመወዙ እስከ መቼ ተይዟል? መልስ ከሌላቸው አንድ ቀን አጥሩ ጋ ቆማችሁ ራሳችሁ እዩ።

እኔ ለሁለተኛው ዓመት ሁለቱንም አስመዝግቤያለሁ። ከአምስት ኮከብ አራት እሰጣለሁ። አዲሱ አሰልጣኝ የልጆቹን ስም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይዟል፤ የዛሬ ዓመትም እዚያው በር ላይ ቆሞ ካገኘሁት አምስተኛውን እጨምራለሁ።