ቡስተር የምትገዙ፦ ሁለቱ የግፊት ጌጅ እኩል ስላነበበ ብቻ ብር አትቁጠሩ

ለአንድ ቡስተር፣ ማለትም የፋብሪካ ቫልቭ ለሚያፈጥን ዕቃ፣ 48 ሺህ ብር ተበላሁ። በጠራራ ፀሐይ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ካለ ሱቅ፣ ዕቃው ዓይኔ እያየ ተሞክሮልኝ ነው የተበላሁት። ሳይሞክር የገዛ ሰው ራሱን ይውቀስ። እኔ ግን አስሞክሬ ነው የገዛሁት። ለዚህ ነው የምጽፈው።

የፋብሪካ ኮንትሮል ቫልቭ እጠግናለሁ። አንድ ደንበኛዬ ጋ ትልቅ የስቲም (የእንፋሎት) ቫልቭ አለ። አናቱ ላይ ያለው አክቹዌተር፣ ማለትም በአየር ግፊት ቫልቩን የሚያንቀሳቅሰው ክፍል፣ የእንጀራ ምጣድ ያህላል፤ ብዙ አየር ይጠጣል። ቫልቩ ምን ያህል እንደሚከፈት በአየር የሚያዘው ፖዚሽነር ደግሞ ትንሽ ነው። ትዕዛዙን በትክክል ያደርሳል፣ አየር የሚያሳልፍበት ቀዳዳ ግን ጠባብ ነው። በርሜል በሲኒ እንደ መሙላት በሉት። ቫልቩ ከዝግ እስከ ሙሉ ክፍት 22 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር። የቦይለሩ ሰው የሚፈልገው ከ6 ሰከንድ በታች ነው።

መድኃኒቱ ቮልዩም ቡስተር ነው። በፖዚሽነሩና በአክቹዌተሩ መሃል ይገባል። ከፖዚሽነሩ የሚመጣውን አየር እንደ ትዕዛዝ ብቻ ይቀበለዋል። አክቹዌተሩን የሚሞላው በሌላ ወፍራም መስመር ከኮምፕሬሰር በሚመጣለት አየር ነው። ግፊት አይጨምርም። 2 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ሲታዘዝ 2 ባር ይሰጣል፣ ግን በብዙ እጥፍ ፈጥኖ። ውስጡ ዲያፍራም የሚባል ስስ ተጣጣፊ ሽፋን አለ። ትዕዛዙ ከሚወጣው ግፊት ሲበልጥ ዲያፍራሙ ተጭኖ የአየር መግቢያውን ይከፍታል። ሲያንስ ተነስቶ አየሩን ወደ ውጭ የሚለቀውን ማስወጫ ይከፍታል። እኩል ሲሆኑ ሁለቱም ዝግ ናቸው።

ጎኑ ላይ ደግሞ አንዲት ትንሽ ብሎን አለች፤ ባይፓስ ትባላለች። ከትዕዛዙ ወደ መውጫው፣ ማለትም ወደ አክቹዌተሩ ወደሚሄደው ቀዳዳ፣ ቀጭን መተላለፊያ ትከፍታለች። ትዕዛዙ በትንሽ በትንሹ ሲለዋወጥ አየሩ በእሷ በኩል ያልፋል፤ ቡስተሩ በየደቂቃው እየተቀሰቀሰ ቫልቩን አያንቀጠቅጠውም። ትልቅ ለውጥ ሲመጣ ያ ቀጭን መንገድ አይበቃም፤ ያኔ ዲያፍራሙ ይነቃል። ጥሩ ፈጠራ ናት። እኔን ያስበላችኝም እሷው ናት።

አዲስ ዕቃ ማስመጣት እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ዋጋ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህማ ደንበኛ ዋጋውን ሲሰማ ስልኩን ይዘጋል። ስለዚህ ያለውን ፍለጋ ከተማ መሃል እንዞራለን። እኔም ዞርኩ። ሱቁ ውስጥ ያገኘሁት ልጅ ትሁት ነው። «ኢንጂነር፣ ከእኛ ጋ ፎርጅድ የለም» አለኝ። ዕቃው በካርቶን ነው፣ ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ ሞዴሉ የሚጻፍባት የብረት ሳህን ላይ 1 ለ 1 (የታዘዘውን ያህል ግፊት ይሰጣል ማለት ነው) ተብሎ ተመቷል። «ይሞከርልኝ» አልኩ። ምንም አላንገራገረም። ጓሮ ኮምፕሬሰር ነበራቸው። አንድ ጌጅ ትዕዛዙ ላይ፣ አንድ ጌጅ መውጫው ላይ አሰረ። 1 ባር ሰጠ፤ 1 ባር ወጣ። 2 ሰጠ፣ 2 ወጣ። 3፣ 3። «ይኸው!» አለ። ምን እላለሁ? ከፈልኩ።

ገጠምነው። ያለ ቡስተር 22 ሰከንድ የነበረው ቫልቭ ከቡስተሩ ጋር 24 ሆነ። ረዳቴ ሰዓቱ የተሳሳተ መስሎት ደግሞ ለካ። 24።

ማታ ወርክሾፕ ወስጄ ፈታሁት። ዲያፍራሙ ጎሚስታ ቤት የምታዩት ዓይነት ጥቁር ላስቲክ ነው፣ በመቀስ የተቆረጠ። ጠርዙ እንኳ አልተስተካከለም። ኦሪጅናሉ ዲያፍራም ስስና ልስልስ ነው፤ ይሄኛው ወፍራምና ግትር። ትዕዛዙ ቢገፋውም አይበገርም። ብሎኖቹ ጥርስ ውስጥ ቀለም ገብቷል፤ ተገጣጥሞ ካበቃ በኋላ ነው የተቀባው ማለት ነው። የሳህኑ ሪቬት አዲስ፣ አካሉ አሮጌ። ሬሳ ገንዘው ነው የሸጡልኝ።

ታዲያ እንዴት ሁለቱ ጌጅ እኩል አነበበ? ባይፓሷ ሙሉ ለሙሉ ተከፍታ ነበር! መውጫው ላይ ያለው ጌጅ ብቻ ስለሆነ አየር የሚፈስበት ቦታ የለም። ትዕዛዙ በባይፓስ በኩል ቀስ ብሎ ተሻገረና ሁለቱ ወገን እኩል ሆነ። ዲያፍራሙ ጨርሶ ባይሠራም እንኳ ያው 3 ባር ነበር የማየው። ልጁ ያሳየኝ ፈተና አንድ ባዶ ቱቦም የሚያልፈው ነው። ይህን የማውቅ ሰው ነኝ እኮ። ጌጁን ሳይ ብሎኗን ማየት ረሳሁ።

ስለዚህ ስትሞክሩ መጀመሪያ ባይፓሷን ዝጉ። ስንት ዙር እንደዞረች ቁጠሩ፣ በኋላ ትመልሷታላችሁ። በኃይል አታጥብቁ፤ ጫፏ ሹል ናት፣ መቀመጫዋን ትጎዳለች። ከዚያ ትዕዛዙን 1፣ 2፣ 3 ባር እያላችሁ ስጡ። መውጫው ወዲያው መከተል አለበት። ቀጥሎ ትዕዛዙን በጣም በትንሹ ከፍ ዝቅ አድርጉት። ዲያፍራሙ ግትር ከሆነ መውጫው ዝም ይልና ድንገት ይዘላል። ትዕዛዙ ባለበት ሲቆም ማስወጫውን በሳሙና ውኃ አረፋ ያዙት። አረፋው ያለማቋረጥ ካደገ የውስጡ መዝጊያ መቀመጫ ያፈሳል። መጨረሻ ላይ የመውጫውን ጌጅ ፍቱና አየሩን በእጃችሁ ስሙት። የጤነኛ ቡስተር አየር መዳፍ ይገፋል። የእኔው በጆሮዬ እንኳ በደንብ አይሰማም ነበር።

ቡስተር የሚለው ስምም ራሱ ያደናግራል። አየር ተቀብሎ ግፊቱን እጥፍ የሚያደርግ ዕቃም ቡስተር ይባላል፤ ሥራው ሌላ ነው። አየር ቶሎ የሚያስወጣ ባለ ሦስት ቀዳዳ ቫልቭ «ያው ነው» ብለው የሚሰጧችሁም አሉ። ያው አይደለም። እሱ የአየሩን መውጣት ብቻ ያፈጥናል፣ መግባቱን አይነካውም፣ ግማሽ መንገድ ላይ ማቆምም አይችልበትም። ቀዳዳ ቁጠሩ። ቮልዩም ቡስተር ለትዕዛዝ የብቻው፣ ለዋናው አየር የብቻው መግቢያ አለው።

ደግሞ ከመግዛታችሁ በፊት ቫልቩ ሲንቀሳቀስ የሬጉሌተሩን (የአየሩን ግፊት የሚመጥነውን ዕቃ) ጌጅ እዩት። ወርዶ ወርዶ የሚመለስ ከሆነ አየሩ እዚያው አጥሯል። ቡስተር ሲጨመርበት ይብስበታል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ ኮምፕሬሰሩም ካታሎጉ ላይ የተጻፈለትን ያህል አይሰጥም።

ልመልስ ሄድኩ። ልጁ የለም። ታላቁ ነኝ ያለው ሰውዬ «ሞክረህ አይደል የወሰድከው?» አለኝ። ደረሰኝ? የለኝም። 15 በመቶውን ቫት ላድን ብዬ ያለ ደረሰኝ ነበር የገዛሁት። ስድቡን እቀበላለሁ።

ሸማቾች ጥበቃ እሄዳለሁ የምትሉ ካላችሁ፣ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች የሚለው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን ሰው ነው። ለማምረቻ ሥራ የገዛን እዚያ ውስጥ የለንበትም። የእኛ ጉዳይ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ላይ ነው። እሱ ደግሞ ገዢው ዕቃውን ቶሎ መርምሮ፣ ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያሳውቅ ይጠብቃል። ደረሰኝ ላይ ሞዴሉንና «1 ለ 1» የሚለውን አስጽፉ። ሳጥኑን ስትከፍቱ ቪዲዮ አንሱ።

አሁን ኪሴ ውስጥ ሁለት ጌጅና አንዲት ትንሽ ሬጉሌተር አለች። ባለፈው ሳምንት ሌላ ሱቅ ገባሁ። ያው የሚያብረቀርቅ ቀለም፣ ያው ካርቶን። «አየር የለንም» አለኝ ባለሱቁ። «ችግር የለም፣ ከታች ጎሚስታ አለ፣ አብረን እንሂድ፣ የአየሩን እኔ እከፍላለሁ» አልኩት። ዕቃውን ከእጄ ወሰደና መልሶ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠው። «ይሄኛው የተያዘ ነው፣ ጋሼ» አለኝ።