ቴክሳስና ካሊፎርኒያ፦ በእቅድ የመጣ ማሻሻያና በፍርድ ቤት ትእዛዝ የመጣ

የሁለቱም ግዛቶች እስር ቤቶች ተጨናንቀው ነበር፤ የተለያዩት ችግሩን ባስተናገዱበት ጊዜ ነው።

ቴክሳስ እ.ኤ.አ. በ2007 ወደ 17 ሺህ የሚጠጋ ተጨማሪ የእስረኛ አልጋ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንደሚያስፈልጋት ተተነበየ፤ ወጪውም 2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። የግዛቲቱ ሕግ አውጪዎች የነበሩት ሪፐብሊካኑ ጄሪ ማደንና ዴሞክራቱ ጆን ዊትማየር ግን «ስንት እስር ቤት እንገንባ?» ከማለት ይልቅ «የተፈቱት ለምን ይመለሳሉ?» ብለው ጠየቁ። ብዙዎቹን የሚመልሳቸው ሱስ፣ የአእምሮ ሕመምና የአመክሮ ግዴታን መጣስ ነበር። ምክር ቤቱ 241 ሚሊዮን ዶላር ያህል ለሕክምናና ለእስር አማራጭ ለሆኑ ማዕከላት መደበ። በ2011 በሹገር ላንድ የነበረው አሮጌ እስር ቤት ተዘጋ።

ካሊፎርኒያ ደግሞ በ1994 የወጣውን፣ በከባድ ወንጀል ለሦስተኛ ጊዜ ጥፋተኛ የተባለን እስከ ዕድሜ ልክ የሚያሳስረውን የ«ሦስተኛ ጥፋት» ሕግ ይዛ፣ ለእስረኞች በቂ ሕክምና እንኳ ሳታቀርብ ዓመታት አሳለፈች። በ2011 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የእስረኛው ቁጥር እስር ቤቶቹ እንዲይዙ ከተሠሩበት አቅም ከ137.5 በመቶ እንዳይበልጥ የተሰጠውን ትእዛዝ አጸና። ግዛቲቱም ቀለል ያለ ወንጀል የፈጸሙትን በጥድፊያ ወደ ካውንቲዎች (በግዛቱ ሥር ወዳሉ የአካባቢ አስተዳደሮች) አሸጋገረች፤ ከሸክሙም ከፊሉ ባለቤት ቀየረ።

እኔ የቴክሳስን መንገድ እመርጣለሁ። ይሁን እንጂ ግዛቲቱን ገነት አናድርጋት፤ ብዙዎቹ የእስረኛ ክፍሎቿ ዛሬም በዚያ ሁሉ ሙቀት ማቀዝቀዣ የላቸውም።