ከፍርድ ቤቱ በር ማዶ ያለችው ራፖር ቤት

ስም የላትም፤ ለባለጉዳይ ክስና ማመልከቻ የሚጻፍባት ቤት ናት። በሯ ላይ «ራፖር፣ ኮምፒውተር ጽሑፍ፣ ፎቶ ኮፒ» ተብሎ በቀይ ቀለም ተጽፏል፣ ግማሹን ፀሐይ በልቶታል። ድሬ ውስጥ ፍርድ ቤት ደጅ የጠና ሰው የቷን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል፤ ካልገባውም ችግር የለም፣ ሁሉም ይመሳሰላሉ። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ አሮጌ ኮፒ ማሽን፣ ከጣሪያው ሥር የሚያቃስት ቬንቲሌተር። ለባለጉዳይ ደግሞ ውጭ አግዳሚ ወንበር፣ እሱም ከአራት ሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ ነው የሚቀረው።

መጀመሪያ ልናዘዝ። እኔ የሕግ ምሩቅ ነኝ። አምስት ዓመት ተምሬ፣ የመውጫ ፈተናውን አልፌ፣ አሁን ሥራ እየፈለግኩ ነው። ታዲያ ራፖር ቤት ምን አስኬደህ በሉኝ።

አክስቴ ታይዋን ገበያ ልብስ ትሸጣለች። ለጎረቤቷ 40 ሺህ ብር አበደረች፣ በእምነት፣ ወረቀት የለም። ዓመት አለፈ። «አንተ ተምረህ የለ፣ ክሱን ጻፍልኝ» አለችኝ። እሺ ብዬ ማታ ላፕቶፕ ከፈትኩ። «ለድሬዳዋ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት» ብዬ ጻፍኩ። ከሳሽ፣ ተከሳሽ፣ አድራሻ። ከዚያ ቆምኩ። ወላሂ አንድ ሰዓት ሙሉ ከዚያ አላለፍኩም። ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው ሁሉ እንግሊዝኛ ነው። «ኮዝ ኦፍ አክሽን» ምን እንደሆነ ለፈተና አስር ገጽ ልጽፍልህ እችላለሁ፣ «የክሱ ምክንያት» ከሚለው ሥር በአማርኛ ምን እንደሚገባ ግን እጄ አያውቀውም።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከሳቢያን ሰፈር በባጃጅ ሄድን። ባለቤቱ ሸምገል ያለ፣ ሽርጥ ያገለደመ ሰውዬ ነው። አክስቴን «እናቴ ተቀመጪ» ብሎ የራሱን ወንበር ለቀቀላት፣ እኔ ቆምኩ። ታሪኩን ሳያቋርጥ ሰማ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ።

«ወረቀት አለሽ?»

«ምስክር አለኝ፣ ሦስት ሰው አይቷል» አለች።

«ምስክር አይሆንም። ከ500 ብር በላይ ነው። 2472።»

መጽሐፍ አልገለጠም። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2472 ነው፣ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ አለዚያም በፍርድ ቤት በሚደረግ እምነት (ተበድሬያለሁ ብሎ ማመን) ወይም መሐላ ብቻ ነው ይላል። ሕጉ የወጣው በ1952 ነው፣ ያኔ 500 ብር ብር ነበረች፤ ዛሬ ሁለት ሰው ምሳ ይበላባታል፣ ቁጥሯ ግን እንዳለች አለች። እኔም ይህን ተምሬዋለሁ፣ አስታወስኩት፣ ግን እሱ ካለ በኋላ ነው ያስታወስኩት።

ቀጥሎ ያደረገው ነው ለዚህ ጽሑፍ ያበቃኝ። ክሱን መጻፍ ይችል ነበር። ገጽ ቆጥሮ ብሩን ይቀበላል፣ አክስቴ ደግሞ የዳኝነት ገንዘብ ከፍላ ትከሳለች፣ ሴትየዋ «አልተበደርኩም» ብላ ትምላለች፣ አለቀ። እሱ ግን «አሁን አትክሰሺ» አላት። «ሽማግሌ ላኪ። ሴትየዋ ብሩን አልካደችም፣ የለኝም ነው ያለችው አይደል? እንግዲያው በየወሩ እከፍላለሁ ብላ ትፈርም፣ ምስክሮችሽም እዚያው ይፈርሙ።» ቁጭ ብሎ የአንድ ገጽ የዕዳ ማመኛ ጻፈላት። 150 ብር። ክሱ ቢጻፍ አራት ገጽ ይሆን ነበር፣ ሂሳቡን አንተ ሥራው።

እዚህ ላይ የራሴንም ሂሳብ ልሥራ። አምስት ዓመት። የምግብና የመኝታው ወጪ መጋራት ላይ ፈርሜያለሁ፣ ደሞዝ ስጀምር ይቆረጣል፣ መጀመሪያ ደሞዙ ይምጣ እንጂ። ከቤት በየወሩ የሚላክልኝን አልቆጠርኩም፣ የፎቶ ኮፒውን ሞጁልም አልቆጠርኩም፣ አባቴ ግን ቆጥሯል። የሕግ ዲግሪ ድሮ አራት ዓመት ነበር። በ1998 በተዘጋጀው ማሻሻያ ነው ወደ አምስት ያደገው፣ ምክንያቱም «ተማሪው ተግባር ይልመድ» የሚል ነበር፤ ክስ ማዘጋጀት፣ መከራከር፣ ኤክስተርንሺፕ የሚባለው የሥራ ላይ ልምምድ ሁሉ ገባ። ሐሳቡ ጥሩ ነው አቦ፣ ማን ይጠላዋል። ግን እኔ በደረሰኝ ክፍል ክስ ማዘጋጀትን በእንግሊዝኛ ስላይድ ነው የተማርኩት። ኤክስተርንሺፕ ላይ ደግሞ መዝገብ ሳመላልስ ከረምኩ። አንድ ዓመት ተጨመረ፣ የተጨመረውን ዓመት ቤተሰብ ከፈለ፣ እጄ ግን እንደነበረ ነው።

ቋንቋው ነው የሚያናድደኝ። ድሬዳዋ ፍርድ ቤት የሚሠራው በአማርኛ ነው። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይወጣል፣ ሁለቱ ከተጋጩ የሚጸናው አማርኛው ነው። ፍርድ ቤቶችን የሚያስገድደው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ውሳኔም በአማርኛ ነው የሚጻፈው። ሀረር ወይም ኦሮሚያ ብትሄድም ፍርድ ቤቱ የሚጠብቅህ በእንግሊዝኛ አይደለም። የሕግ ፋኩልቲው አዲስ አበባ በ1956 ሲከፈት አስተማሪዎቹ የውጭ ሰዎች ስለነበሩ በእንግሊዝኛ መሆኑ ይገባኛል፣ አሁንስ? ስድሳ ዓመት አለፈ እኮ። የመውጫ ፈተናውም ያው ነው፣ ምርጫ ታጠቁራለህ፣ 50 ካመጣህ አለፍክ። አንዲት የክስ አቤቱታ ጻፍ የሚል የለበትም። የሕግ ትምህርት ይሻሻል ሲባል ስብሰባው ሁሉ ስለ ካሪኩለም ነው። እኔን ቢጠይቁኝ ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ ተማሪውን በሳምንት አንድ ቀን እዚህ አግዳሚ ወንበር ላይ ያስቀምጡት እላለሁ፣ ወንበሩ ነፃ ነው።

ወደ ራፖር ቤቷ ልመለስ፣ ምስጋና ብቻ እንዳይሆን። ሰውዬው ይናገራል፣ የሚተይበው ሌላ ልጅ ነው፣ ልጁ ፈጣን ነው ግን አያነብም። የመጀመሪያው ፕሪንት ላይ አክስቴ ተበዳሪ ሆና ወጣች! 40 ሺህ ብር ያለባት እሷ። ባላነበው ኖሮ ትፈርምበት ነበር። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ስምና የብር መጠን ጣታችሁን እያስኬዳችሁ አንብቡ፣ በፊደልም በአሃዝም። ሁለተኛ፣ መብራት ከጠፋ ሥራው ይቆማል፣ ጀነሬተር የላቸውም። ሦስተኛ፣ ሰውዬው ጠበቃ አይደለም፣ ችሎት ቆሞ አይከራከርላችሁም፣ እሱም አልደብቅም ይላል፤ ጉዳዩ ከበድ ካለ «ይሄ የጠበቃ ነው» ብሎ ይመልሳል። ዓርብ ከሰዓት ዝግ ነው። ኮፒ ላይ ትንሽ ይወደዳል።

ከአምስት አራት እሰጣታለሁ። አንዷ የተቀነሰችው በልጁ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት የተፈረመውን ወረቀት ኮፒ ለማድረግ ተመለስኩ። ሴትየዋ ፈርማለች፣ የመጀመሪያዋን 3 ሺህም ከፍላለች። ሰውዬው አየኝና «ያ የሕግ ልጅ ነህ አይደል? አክስትህ ነገረችኝ» አለ። አፈርኩ። ከዚያ አፍሬም ቢሆን ጠየቅኩት፣ አጠገብህ ልቀመጥና ልማር ብዬ።

«ደሞዝ የለም» አለ።

«እሺ።»

«ምሳ ግን አለ። ሰኞ ሁለት ሰዓት ና፣ ልጁ የሚተይበውን አንተ ታነባለህ።»